ፊደል ያልቆጠረው ደራሲ

አባቴ ሥራዬን ለሰው ሲያስረዳ «ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መጽሐፍ ትጠብቃለች» ነበር የሚለው። ከምን እንደምጠብቅ ግን ተናግሮ አያውቅም። ከአይጥ ይሁን ከሌባ እሱም አያውቅ፣ ደንበኞቹም አይጠይቁት። «ማሻአላህ!» ብለው ጨርቃቸውን አስለክተው ይሄዳሉ።

ነጅማ ከድር እባላለሁ። ቡታጅራ ተወልጄ ያደግኩ፣ ወልቂጤ በኩል ባለ አንድ ግቢ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምሠራ ላይብረሪያን ነኝ። የግቢውን ስም አትጠይቁኝ። ይህ የምነግራችሁ ነገር ከመሆኑ በፊት ለደረጃ እድገት ሁለቴ አመልክቼ ሁለቴም ተመልሻለሁ። በሁለተኛው ላይ አንዱ የኮሚቴ አባል «መጽሐፍ ወደ መደርደሪያ ለመመለስ ደግሞ ምን ደረጃ ያስፈልጋል?» አለ አሉ። ሲነግሩኝ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ግን ትራሴን በቡጢ ነረትኩት።

ስለዚህ ያን ሰሞን ቆርጬ ነበር። አባቴ ቡታጅራ መናኸሪያው አጠገብ ሁለተኛ የጨርቅ ሱቅ እየከፈተ ነው፤ ሱቁን የምይዘው እኔ ነኝ። ለአለቃዬ ለጋሽ ታደሰም «ወሩ ሲያልቅ እወጣለሁ» ብዬዋለሁ። ጋሽ ታደሰ ከደብረ ብርሃን በሥራ መጥቶ ወልቂጤ ላይ ሸብቶ የቀረ፣ ክፉ ቃል ከአፉ የማይወጣ፣ ግን ጣጣ ከሩቅ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነው። መልቀቄን ስነግረው እንኳን «ይቅናሽ» አለና ሻዩን ጠጣ።

የምነግራችሁ ነገር የጀመረው አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። ጋሽ ታደሰ የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ይዞ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጣ።

«ነጅማ፣ ከመሄድሽ በፊት አንዲት ቀላል ነገር ጨርሺልኝማ። ይቺ ልጅ ትናንት ጽሑፏን ለመከላከል ዲፌንስ ላይ ቀርባ ፈታኞቹ አንድ ዋቢ ላይ ቆመው ቀሩ። ጽሑፏ ከዳር እስከ ዳር የተመሠረተው በአንድ የእንሰት በሽታ ጥናት ላይ ነው። ጥናቱ ግን የለም። ኤአይ የፈጠረላት ነው እየተባለ ነው።»

እውነቱን ለመናገር ፈታኞቹ አይፈረድባቸውም። ያን ዓመት ተማሪው ሁሉ ኤአይን ማስጻፍ ጀምሯል፤ ኤአይ ደግሞ ለጋስ ነው፣ የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲው፣ ከነገጹ ፈጥሮ ይሰጣል። ከእሷ በፊት የቀረቡ ልጆች እንዲህ ተይዘው ነበርና ፈታኞቹ የሰው ፊት ማመን ትተዋል።

«እና እኔ ምን ላድርግ?» አልኩት።

«ኮሚቴው የቤተ መጻሕፍቱን ቃል ይፈልጋል። ‹የለም› ብለሽ ሁለት መስመር ጻፊና እንገላገል።»

«ፈልገኸዋል?»

«እነሱ ኢንተርኔት ላይ ፈልገዋል።»

«ጋሼ፣ ‹አላገኘሁም› እና ‹የለም› አንድ ናቸው እንዴ? ትናንት መነጽርህን ግቢውን ሁሉ አስሰህ አላገኘኸውም። ጭንቅላትህ ላይ ነበር።»

እጁን ወደ ጭንቅላቱ ሰደድ አደረገና ሳቀ። «እሺ በቃ። ኮሚቴው ነገ ከሰዓት ይሰበሰባል። እስከዚያ ጥናቱ ካልቀረበ ልጅቷ ከዘንድሮ ተመራቂዎች ትሰረዛለች። ያንቺን ቃል ነው የሚጠብቁት» አለኝና ሄደ።

ወገኖቼ፣ አስቡት። ለመውጣት አንድ እግሬን ያነሳሁ ሴትዮ፣ የሰው ልጅ አራት ዓመት ድካም ጭኔ ላይ ተጣለብኝ።

ልጅቷ ምሕረት ትባላለች፤ የእምድብር ልጅ ናት። ሳስጠራት ዓይኗ አብጦ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ መጣች። የተማሪ እንባ ብዙ አይቻለሁ። የውሸቱ እንባ ቶሎ ቶሎ ያወራል። ይቺ ግን መናገርም አቃታት።

«ቁጭ በይ። ውሃ ጠጪ። አሁን ንገሪኝ፤ ጥናቱን በዓይንሽ አይተሽዋል?»

«እምላለሁ እህቴ! ለመስክ ሥራ ጉመር ሄጄ እያለ አረቅጥ ግብርና ቢሮ ውስጥ ነው ያነበብኩት። ሽፋኑ ተገንጥሏል። ገጾቹን በስልኬ አንስቼ ነበር፤ ስልኬን ወልቂጤ መናኸሪያ ሰረቁኝ። ቢሮው ደግሞ ቤት ሲቀይር አሮጌ ወረቀቱን ሁሉ አስወግዷል።»

«ሽፋኑ ከሌለ የደራሲውን ስም ከየት አመጣሽው?»

«አንድ የውጭ ሰው የጻፈው ላይ ተጠቅሶ አገኘሁት። ሹኩር ናስር ይላል።»

«አማካሪሽስ?»

«‹እኔ አላየሁትም› አለ።» በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች። «እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች። ዳስ ልትጥል ነው። ቆጮው ሳይቀር ተዘጋጅቷል። ምን ብዬ ነው የምገባው?»

ሥራ ጀመርን። ካታሎጉን አገላበጥኩ፤ ሹኩር ናስር የሚባል ደራሲ የለም። ዕቃ ግምጃ ቤት ገብቼ ገና ያልተመዘገቡ ካርቶኖችን አራገፍኩ፤ አቧራው እስኪያስነጥሰኝ። አዲስ አበባ ያሉ የሙያ ጓደኞቼ ጋ ደወልኩ፤ እነሱም ፈልገው «ኧረ የለም ነጁ» አሉ። እነሱም «የለም» አሉ! ለካ በሽታው የሁላችንም ነው።

በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ አባቴ ነው።

«ነጁ፣ የሱቁ ግድግዳ ምን ይቀባ? ቀለም ጋ ቆሜ ነው። እሱ አረንጓዴ ይሻላል ይላል።»

እዚህ ላይ ላስረዳችሁ። ከአባቴ ሱቅ ጎን ቀለምና ብሩሽ የሚሸጥ ሰው አለ። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ «ጋሼ ቀለም» ነው የምለው፤ ገበያውም «ቀለም» ነው የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ይኖረዋል ብዬ አስቤም አላውቅ።

«አባዬ፣ አረንጓዴም ቀባው ጥቁር፣ አሁን ሰው ልትሞትብኝ ነው!» ብዬ ዘጋሁት። ወዲያው ደግሞ ደነገጥኩ። ‹ልትሞትብኝ› አልኩ? መቼ ነው ይቺ ልጅ የእኔ የሆነችው?

ኢንተርኔት ላይ ያለው አልቋል፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ያለውም አልቋል። የቀረው ሰው ነው። ጥናቱ ስለ አረቅጥ አካባቢ ማሳ ከሆነ የጻፈው ሰው የረገጠው መሬት አለ፣ የሚያውቀው ሰው አለ።

«ተነሺ» አልኳት ምሕረትን። «አረቅጥ እንሄዳለን።»

ጋሽ ታደሰ በር ላይ ያዘኝ። «ነጅማ፣ ለእንዲህ ዓይነት ጉዞ እኮ በጀት የለንም።»

«ጋሼ፣ እኔም በጀት አልጠየቅኩህ። ኮሚቴው ከጠየቀ ‹እየፈለገች ነው› በል።»

ሚኒባሱ ሞልቶ እስኪወጣ ወልቂጤ መናኸሪያ ተቀምጠን ነፍሳችን ወጣች። ከወጣን በኋላ ደግሞ እምድብር ሊደርስ ሲል ምሕረት ነጠላዋን ተከናንባ ከወንበሩ ሥር ልትገባ ምንም አልቀራት።

«ምን ሆነሻል?»

«ሰው እንዳያየኝ!»

አዩዋት እንጂ! መኪናው ቆሞ መጀመሪያ የገቡት የእናቷ ጎረቤት እትዬ ማርታ ናቸው። «ውይ ምሕረት! የኛ ምሁር! እንኳን ደስ ያለሽ!» ብለው እዚያው ሚኒባስ ውስጥ እልልታውን አቀለጡት። ረዳቱ አጨበጨበ። ሹፌሩ ጥሩንባውን ነፋ። ምሕረት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች፤ ተሳፋሪው ሁሉ «የደስታ ነው፣ የደስታ ነው፣ ተዋት!» አለ። እኔ በመስኮት በኩል እንሰት እያየሁ ከንፈሬን ነከስኩ። እትዬ ማርታ እስኪወርዱ ድረስ የሚታረደውን በሬ ቀለም ሳይቀር ነገሩን።

አረቅጥ ስንወርድ ጉም መንደሩን ሸፍኖታል፤ ብርዱ አጥንት ውስጥ ይገባል። እኔ የቡታጅራ ልጅ ሹራብ እንኳ አልያዝኩ። የከሰዓቱ የአሱር ሶላት አልቆ መስጊዱ በር ላይ ሽማግሎች ተቀምጠዋል። ከሁሉም ጋቢያቸው የወፈረውን መርጬ ቀረብኩ። ሀጂ ሱሩር ይባላሉ።

«አሰላሙ አለይኩም ሀጂ።»

«ወአለይኩሙ ሰላም። የማን ልጅ ነሽ?»

«ሀጂ፣ ከወልቂጤ ነው የመጣነው። አንድ ሰው ፈልገን ነበር፤ ሹኩር ናስር...»

«እሺ። የማን ልጅ ነሽ?»

ቡታጅራ አባቴ ቤት ልናድር አስበን ነበር፤ ከወዲያ አንድ ሹፌር ጮኸ። «ወደ ቡታጅራ የመጨረሻ መኪና ነው! ይቺ ከወጣች የለም!»

«ሀጂ፣ ችኮላ ላይ ነን። ሹኩር ናስር የሚባል፣ ስለ እንሰት በሽታ የጻፈ...»

«ሹኩር ናስር የሚባል ሰው እዚህ አገር የለም» አሉ፣ አጎንብሰው ከሌሎቹ ጋር በጉራጊኛ ተነጋግረው። «ሹኩር የሚባል ነበር፣ ፈረሰኛው። እሱም አላህ ይዘንለት፣ ከሞተ ቆየ።»

ምሕረት ክንዴን ጨበጠችኝ፤ ጥፍሯ ተሰማኝ።

«ፈረሰኛው ነው የጻፈው?» አልኩ፣ ተስፋዬ እያለቀ።

ሽማግሎቹ ሳቁ። «ሹኩር? ፊደል መች ቆጠረ! ፈረስ እንጂ እስክሪብቶ በእጁ ይዞ አያውቅም።» ከዚያ ሀጂ ወደ እኔ ዞሩ። «አሁን ንገሪኝ። የማን ልጅ ነሽ?»

እኔ ቁጠኛ ነኝ፤ የሚያውቁኝ ያውቃሉ። ልጅቷ እየወደቀች፣ መኪናው እየወጣ፣ እኔ የዘር ሐረግ ልቁጠር? «የከድር!» አልኩ ጮክ ብዬ። «የቡታጅራው ከድር ልጅ ነኝ!»

«የትኛው ከድር?»

«ጨርቅ የሚሸጠው!»

«ከየት ቤት ነው?»

የአያቴን ስም ጠራሁ። ያያቴን አባት ጠራሁ። ሀጂ ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡና ድንገት ከፈቱ። «አሃ! ሱቁ ከናስር ሱቅ ጎን ያለው ከድር?»

«ከማን ሱቅ ጎን?»

«ከናስር! ቀለም የሚሸጠው። የሹኩር ልጅ ነዋ! ግብርና ቢሮ ሲሠራ ስለ እንሰት ሲጽፍ የነበረው እሱ ነው። ሹኩር የናስር አባት ነው እንጂ ልጁ አይደለም። እናንተ ናችሁ አባትና ልጁን የገለበጣችሁት።»

ኡኡ ልበል? ግንባሬን መታሁት። እንዴት እንደሆነ ላስረዳችሁ። ፈረንጅ ዋቢ ሲጽፍ የአባትን ስም ያስቀድማል። የውጭው ሰው በፈረንጅ ወግ «ሹኩር፣ ናስር» ብሎ ጻፈ። ምሕረት መሐል ያለውን ነጠላ ሰረዝ ጣለችና «ሹኩር ናስር» አደረገችው። ያልተማረ ፈረሰኛ የጥናት ደራሲ ሆነ፤ የጻፈው ልጁ ደግሞ የገዛ አባቱ አባት ሆኖ ቀረ። እኔ የደራሲ ስም እየመዘገብኩ የምኖር ላይብረሪያን፣ ከጎረቤቴ ሰው ለመድረስ አረቅጥ ድረስ ጉም ውስጥ መጣሁ። «ጋሼ ቀለም!» አልኩ፤ ሽማግሎቹ ማበዴን ጠርጥረው ተያዩ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሮጠን ያዝነው። ቁልቁል ወደ ቡታጅራ ስንወርድ ምሕረት «የሚገኝ ይመስልሻል?» እያለች ደጋግማ ጠየቀችኝ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን ያን ሰውዬ እያሰብኩ ነበር። ቀለም የነካው ሸሚዝ፣ ከጆሮው ጀርባ የማይጠፋ እርሳስ። ለዒድ ከረሜላ የሚሰጠኝ ሰው። አንድም ቀን ስለ ሌላ ሥራው ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም።

ቡታጅራ ስንደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው፤ ጋሼ ቀለም የብረት በሩን እያወረደ ነበር።

«ነጁ! ለግድግዳው መጣሽ? አባትሽን ሰምተሽ ነጭ እንዳትይ፣ ቶሎ ይቆሽሻል!»

«ጋሼ ቀለም፣ የአባትህ ስም ማን ነው?»

በሩን በግማሽ ይዞ ቆመ። «ሹኩር። ምነው? ሰው ሞተ?»

«ስለ እንሰት አጠውልግ በሽታ ጥናት ጽፈህ ታውቃለህ?»

በሩን ለቀቀው፤ ጓ ብሎ መሬት ደረሰ። መልሶ ከፈተውና «ግቡ» አለን። ድምፁ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ከቀለም ጣሳዎቹ መሐል በርጩማ ላይ ተቀመጥን። ምሕረት ጽሑፏን ገልጣ ዋቢውን አሳየችው። መነጽሩን አድርጎ አነበበው። ደግሞ አነበበው። እኔ ስህተቱን ላስረዳው አፌን ስከፍት እጁን አነሳብኝ።

«ሰው አንብቦታል?» አለ በመጨረሻ።

«እኔ ደጋግሜ አንብቤዋለሁ» አለች ምሕረት። «እርስዎ ያዩዋቸውን ማሳዎች ነው ከዓመታት በኋላ ሄጄ ያየሁት። የትኛው እንደዳነ፣ የትኛው እንደጠፋ። ያለ እርስዎ ጥናት የእኔ ጽሑፍ ባዶ ነው።»

«እኔ ደግሞ ማንም አላነበበውም ብዬ ነው ሥራውን ጥዬ ቀለም የገባሁት» አለና ሳቀ፤ ዓይኑ ግን እርጥብ ነበር። «አለቆቼ ‹ጥሩ ነው› ብለው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት። በቃ፣ እዚያው ቀረ። አባቴ ነበር እየዞረ ማሳ የሚያሳየኝ። እሱ በፈረስ፣ እኔ ከኋላው ተፈናጥጬ፣ ያ ሁሉ ጭቃ። ‹ምንድን ነው የምትጽፈው?› ይለኛል። ‹ያንተን እንሰት› እለዋለሁ። ‹እንግዲያው የኔንም ስም ጻፈው› ይለኝ ነበር እየሳቀ። ታትሞ ሳያየው ሞተ።» ጣቱን ዋቢው ላይ አሳረፈ። «ይኸው ተጽፏል።»

አባቴ የቀለም ናሙና ይዞ በሩ ላይ ቆሞ የመጨረሻውን ሰምቷል። ሦስታችንም ስናለቅስ አይቶ እሱም ሳይገባው ማልቀስ ጀመረ።

ጥናቱ አለ! ቤቱ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ሽፋኑም ደህና። ሄዶ ይዞልን መጣ። ሽፋኑ ላይ ናስር ሹኩር ይላል። ምሕረት እጇን ስትዘረጋ ግን ወደ ደረቱ ሳበው።

«ውሰዱት። ለዘለዓለም ውሰዱት። አንድ ነገር ብቻ፣ ጽሑፍሽ ላይ ያለውን ስም አታስተካክዪው። እንደዚያው ይቆይ። ሹኩር ይባል።»

ምሕረት ወደ እኔ አየች። እኔ ወደ መሬት አየሁ። ስሙ ካልተስተካከለ ኮሚቴው ሽፋኑንና ዋቢውን አስተያይቶ «ይኸ ሌላ ሰው ነው» ይላል። እሱንም ቢያልፉት፣ ነገ ሌላ ልጅ ደግሞ ይኸንኑ ጥናት ፈልጎ ያጣዋል። ግን ይኸን ሰው እንዴት ብዬ ነው «አባትህን ሰርዘው» የምለው?

«ጋሼ ቀለም፣ አልችልም» አልኩት። «በተሳሳተ ስም የተቀመጠ መጽሐፍ የጠፋ መጽሐፍ ነው። ይኸው ጠፍቶብን ነበር እኮ።»

«ነጁ...» አለ። መጠቅለያውን አጥብቆ ያዘው።

ያኔ አባቴ በነጋዴ ወጉ ገባ። «አንተም ሳትከስር፣ እሷም ሳትከስር የሚሆን ነገር የለም?»

የከድርን አንደበት አላህ ይባርከው! ብልጭ ያለልኝ ያኔ ነው።

«ጋሼ ቀለም፣ ሰው የአባዬን ሱቅ ፈልጎ ተሳስቶ አንተ ጋ ሲገባ ምን ትለዋለህ?»

«ምን እለዋለሁ? ‹ከድር ጎን ነው፣ እዚያ ግባ› ነዋ።»

«እኛም ካታሎግ ውስጥ እንደዚያ የሚል ነገር አለን። ዋናው ስም ናስር ሹኩር ይሆናል። ግን ሹኩር ናስር ብዬም እመዘግበዋለሁ። በዚያ ስም የፈለገ ሰው ሲመጣ አባትህ ‹ልጄ ጋ ሂድ› ይለዋል። ቤተ መጻሕፍቱ እስካለ ድረስ እዚያ ቆሞ መንገድ ያሳያል።»

ላስቲኩን በመዳፉ ጠረገው። ከዚያ መጠቅለያውን ምሕረት ጭን ላይ አስቀመጠና «መንገድ ማሳየት ይወድ ነበር» አለ።

በነጋታው ጋሼ ቀለም ራሱ በፒክአፑ ወልቂጤ አደረሰን፤ ከኋላ የቀለም ጣሳው እየተንኳኳ። ኮሚቴው ፊት ሊቀመንበሩ ሽፋኑን አየ፣ ዋቢውን አየ። «ስሙ ተገልብጧል» አለ።

«ተገልብጧል» አልኩ። «ጥናቱ ግን አለ። የቤተ መጻሕፍቱ ቃል ይኸው ነው።»

«እኝህስ ማን ናቸው?»

«ደራሲው» አለች ምሕረት።

ስንጠብቀው የነበረው ክርክር አልመጣም። ከፈታኞቹ አንዱ ጥናቱን ሲገልጥ ገባበት፤ ሌላው ከትከሻው በላይ አንገቱን አስግጎ ማንበብ ጀመረ፤ ሊቀመንበሩ «ኮፒ ይነሳልን» አለ። ምሕረት ስሙን አስተካክላ እንድታስገባ ተነገራትና አለፈች። በሩ ላይ ወጥታ እናቷ ጋ ስትደውል እትዬ ማርታ ከወዲያ ያቀለጡት እልልታ ኮሪደሩ ላይ ለቆምነው ሁሉ ተሰማ።

ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ጠጋ አለና «በቦታሽ ሰው ላፈላልግ ወይስ...?» አለኝ።

«መነጽርህን መጀመሪያ ፈልግ» አልኩት። ጭንቅላቱ ላይ ነበር።

አልወጣሁም። በተከታዩ ሳምንት ጥናቱን በእጄ መዘገብኩት። ጋሼ ቀለም የልጅ ልጆቹን ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩ ፊት አስቀመጥኩትና በአንድ ጣቱ እየፈለገ «ሹኩር ናስር» ብሎ ጻፈ። «ናስር ሹኩርን ይመልከቱ» የሚል ወጣ። ልጆቹ ምኑ እንዳስለቀሰው አልገባቸውም፤ እሱ ግን አጥፍቶ መልሶ ጻፈው፣ መልሶ መላልሶ።

ይኸን የምታነቡ ሁሉ፣ በተለይ እንደ እኔ አንድ እግራችሁን ከሥራችሁ ያወጣችሁ፣ ምከሪን አትበሉኝ። እኔ ያቺን ሐሙስ «የለም» ብዬ ጽፌ ብሆን ኖሮ ማንም አይጠይቀኝም ነበር። ዛሬ ደህና ጨርቅ ሻጭ ሆኜ እኖር ነበር፤ ጨርቅ መሸጥም ነውር የለውም። ግን ሰዎች የፈለጉት ነገር አጠገባቸው እያለ «የለም» ተብለው የሚመለሱበት በር ላይ ቆሜ «ቆይ፣ እስቲ ልፈልግ» ማለት እንደምወድ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ዲግሪዬን ሠራሁ፤ ስለ ኢትዮጵያውያን ስምና ስለ ካታሎግ ጻፍኩ። ለደረጃ እድገት ሦስተኛ ጊዜ ሳመለክት ያ የኮሚቴ አባል ምን እንዳለ አልሰማሁም፤ ደረጃው ግን መጣ። አሁን በየዓመቱ ለተመራቂዎች ዋቢ አፈላለግ አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ጥያቄዬ «ይኸ ጽሑፍ የማን ልጅ ነው?» የሚል ነው። ይስቃሉ። ሀጂ ሱሩር ቢሰሙኝ ደስ ይላቸው ነበር።

አባቴስ አትሉም? ሁለተኛውን ሱቅ ታናሽ ወንድሜ ያዘው፤ አረንጓዴ ነው። አባቴ ራሱ ያን ምሽት፣ ጋሼ ቀለም ጥናቱን ሰጥቶን ከወጣን በኋላ፣ የሱቁን በር እየዘጋ «ነጁ፣ አንቺም ጻፊ እንጂ» ብሎኝ ነበር። «ለምን?» ስለው «ሰው ገልብጦ እኔን ደራሲ ያደርገኛል!» አለ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ባለፈው ዓመት የእኔን ጽሑፍ አንድ የውጭ ሰው ጠቀሰው። በፈረንጅ ወግ «ከድር፣ ነ.» ይላል። አሳትሜ ወሰድኩለት። መስታወት አስገብቶ ከጨርቁ ጥቅል በላይ፣ ገቢ ሰው ሁሉ በሚያየው ቦታ ሰቀለው። ደንበኛ «ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቀው ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ «ደራሲ ነኝ» ይላል። «ኧረ ባክህ! ምን ጻፍክ ከድር?» ሲሉት ግን ይስቅና እንዲህ ይላል፦

«እኔ ምን አውቃለሁ! ልጄን ጠይቋት።»